በእናቴ ድምፅ የተቃኘው ጊታር

ዛሬም የዛገ የጊታር ክር ሲወጠር የሚያሰማውን ሲጥሲጥታ በሰማሁ ቁጥር፣ ቴፒ ያለው ቤታችን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጊታርና ደጅ የማያባራው ዝናብ ተያይዘው ይመጡብኛል። ሰው ሙዚቃው ሲጀመር ይደሰታል፣ እኔ ግን ገና ሲቃኝ ነው ጀርባዬን የሚቀዘቅዘኝ።

አባቴ ቀኑን ቡና እርሻ ውሎ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጋር ጊታር ይመታ ነበር። መቃኛ መሣሪያ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የእሱ መቃኛ እናቴ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ «በይ ስጪኝ» ይላታል፣ እሷም ልብስ እያጠበች ይሁን ጎመን እየከተፈች ቀና ሳትል አፏን ገጥማ አንድ ድምፅ ታወጣለታለች፣ እሱ ሁለተኛዋን ቀጭን ክር በዚያ ልክ ወጥሮ የቀሩትን ከእሷ ጋር ያስማማ ነበር። ድምጿ ክረምት ከበጋ አይዛነፍም፣ ጉንፋን እንኳ አያዛባውም ነበር። «አንቺ ባትኖሪ ይሄ ነገር ማገዶ ነው» እያለ ያሾፍባት ነበር።

እናቴ በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ አንድ ሳምንት ታማ ሞተች። አባቴ ክሮቹን ሳያላላ ጊታሩን ሰቀለውና ፊቱን አዞረበት። የእናቴ ታላቅ እህት እኛን ለመርዳት ከማሻ መጥታ አብራን ተቀመጠች።

ሰኔ ላይ፣ ጭጋጉ እስከ ቀትር ከቡናው ላይ በማይነሣበት ሰሞን፣ ብቻዬን ቤት እየጠረግኩ እናቴ ትወደው የነበረውን መዝሙር አንጎራጎርኩ፣ ዝም ስል ግን ድምፁ ዝም አላለም፤ ከኋላዬ ከግድግዳው ቀጥኖ ቀጠለና ጠፋ። መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥኩ። ናፍቆቴ ከፍርሃቴ ስለሚበልጥ ግን በማግሥቱ ተመለስኩ። ያቺን የቅዳሜዋን ድምፅ ለይቼ ሳወጣት፣ ጊታሩ ማንም ሳይነካው ይመልስልኝ ነበር።

አንድ ቀን አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፣ እኔ ካበቃሁ በኋላ የቀጠለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። አባቴ ከሥራ ሲገባ «ይህን ዕቃ ከቤት አውጣው» አለችው። «እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ባለበት አይሰቀልም።» አባቴ ግን አላወረደውም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲል ብቻ እናቴን እጠራት ጀመር። ሐምሌ ሲገባ መልሱ እየደከመ ሄደና አንድ ቀን ጭራሽ ቀረ። እናቴ ሁለተኛ የሞተች መሰለኝ፣ አለቀስኩ። ድምፄን ጥቂት ዝቅ ሳደርገው ግን መለሰልኝ። ክር የተቃኘበትን ድምፅ ሲሰማ ራሱ እንደሚያስተጋባ፣ ክሮቹም በእርጥበቱ እየላሉ መሆናቸውን የሚነግረኝ አልነበረም፤ እናቴ ወደ ታች እየራቀች መሰለኝ፣ እንዳላጣትም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየወረድኩ ተከተልኳት። ነሐሴ ሲያልቅ ድምፄ ጉሮሮዬ ሥር ደርሶ ነበር፣ የመጀመሪያዋ የቅዳሜ ድምፅ ደግሞ ከጆሮዬ ጠፍታ ነበር።

መስከረም ላይ መዘምራኑ መጥተው እንደገና እንዲመታላቸው አባቴን ለመኑት፣ እሱም ጊታሩን አውርዶ ክሮቹን እያጠበቀ እያላላ ሞከረ፣ አልሆነለትም። በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «የእናትሽን ድምፅ ታውቂዋለሽ? ስጪኝ» አለኝ። ሰጠሁት። እጁ የክሩ መጠምዘዣ ላይ ቀረ፣ ዓይኑን አንሥቶ አየኝና ክሩን እኔ ባልኩት ልክ አደረገው። በዚያ እሑድ መዘምራኑ በሙሉ ከወትሮው ዝቅ ብለው ዘመሩ፣ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፣ ምን እንደተለወጠ ግን የተናገረ የለም። ለእኔ ከመሬት ሥር የሚወጣ ዝማሬ መሰለኝ፣ ወደ ደጅም ወጣሁ።

አሁን ልጆቼ ጊታራቸውን በስልክ ነው የሚቃኙት፤ ክሯ ከላላች ቀይ፣ ስትደርስ አረንጓዴ ያሳያቸዋል፣ ማንንም አይለምኑም። ባለፈው በጋ ቴፒ ሄጄ ዕድሜ ልኬን ያፈርኩበትን ነገር ለአባቴ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ያን ቀን የሰጠሁህ የእሷ ድምፅ አልነበረም።»

«ስሰማው አውቄያለሁ» አለኝ። «አይደለም ብልሽ አንቺም ዝም ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«የእሷስ? አሁን ብትሰማት ትለያታለህ?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «ያንቺን ከሰማሁ ወዲህ መጥታልኝ አታውቅም።»

የልጆቼ ስልክ ያሉትን ድምፆች ሁሉ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ፣ አንድም ሳያዛንፍ ያሰማኛል፤ ከእነዚያ አንዱ የእናቴ ነው፣ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ግን የለም።