ባዶ የተፈተነ ጎማ

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ እኛ «ጎባጣው» እንለው ነበር። ሻለቃችን አንዱን ጎኑን ይዞ ሰንብቷል። እኔ ያኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ ሥራዬም ቁስለኛ የምታመላልስ አንዲት ቫን መንዳትና መጠገን ነበር። ቫኗ ድሮ መንገደኛ ስትጭን የኖረች ናት፤ ወንበሯን አውልቀን ቃሬዛ ደረደርንባት።

የዚያን ቀን ጠዋት የስንቅና ትጥቅ ኃላፊው ሻምበል፣ ከተሰበረ መኪና የተፈቱ አራት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አመጣልኝ። ጥርሳቸው ያልተበላ፣ ከእኔዎቹ ከፍ ያሉ ጎማዎች ነበሩ። «ድንጋዩን እየረገጡ ያልፋሉ፤ ግጠማቸው» አለኝ። ገጠምኩ። ቡሎኑ ልክ ገባ። መሪውን መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ጎማው የትም አልነካም። እውነቱን ልናገርና እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አሮጌዎቹን መጣል ግን አልሆነልኝም፤ ጣሪያው ላይ አሰርኳቸው።

ትዕዛዙ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰን። ከጎባጣው ሥር ስምንት ቁስለኞች አሉ፤ ሳይመሽ ይውጡ። ሻምበሉ ከጎኔ ተቀመጠ። ከኋላ ስድስት ቃሬዛ ተሸካሚዎች፣ ውኃና መድኃኒት ጫንን።

ገና የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ መኪናዋ ጮኸች። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። አቁሜ ወረድኩ። ጭነቱ ዝቅ ሲያደርጋት ጎማው ከላዩ ካለው የጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተግ ጀምሯል፤ ጎኑም ተልጧል።

«ንዳ!» አለ ሻምበሉ።

«አልነዳም። ቁልቁለቱ ላይ ይፈነዳል። ስንመለስ ደግሞ ስምንት ሰው ተኝቶባት ነው።»

«ትዕዛዝ ነው!»

«ቢፈልጉ ይተኩሱብኝ። ጎማውን እቀይራለሁ።»

ክሪኩ አንድ ነው፤ ጎማው አራት። የመጀመሪያው ሞርታር በስተግራችን ወደቀ። ሁለተኛው ቀረብ አለ። እኔና አንዱ ተሸካሚ እየፈታን፣ ሁለቱ ከጣሪያ እያወረዱ፣ የቀሩት መሬት ላይ ተኝተው እየጠበቁን አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ጥቂት እንደሄድን እንደገና ወርጄ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ፤ አዲስ የተገጠመ ጎማ ቡሎኑ መላላቱ አይቀርም። ሻምበሉ ሰዓቱን እያየ ይረግመኝ ነበር። ይርገም።

ከጎባጣው ሥር ስንደርስ የሕክምና ባለሙያችንን፣ ከደካ የመጣችውን አስር አለቃ ታደለችን፣ ከአንድ ወታደር አጠገብ ተንበርክካ አገኘናት። እጁን አልለቀቀችም።

«በላቸው አረፈ። ሩብ ሰዓት አይሆነውም» አለችን።

በላቸው የማንኪራ ልጅ ነው፤ ከእኔው ከቦንጋ ብዙም የማይርቅ ያገሬ ልጅ። ሰባቱን ጫንን። በአሮጌዎቹ ጎማዎች፣ እየተተኮሰብን፣ ያንን ዳገት ወጣን። ሰባቱም በሕይወት ሆስፒታል ገቡ። የዚያን ቀን ሙት አንድ ነው።

ሻምበሉ ከሰሰኝ፤ ማዕረጌም ወረደ። «ጥፋትህን እመን፣ ይቀልልሃል» ብለውኝ ነበር። ትዕዛዝ እምቢ በማለቴ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ አላመንኩም፤ ዛሬም አላምንም። በዚያ ጎማ ብሄድ ኖሮ ሙት አንድ ብለን አናቆምም ነበር።

አሁን ቦንጋ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ። ወደ ቢታ ገነት የሚሠሩ የቫን ሾፌሮች ለጭቃው ይሆናል ብለው ትልልቅ ጎማ ይዘውልኝ ይመጣሉ። «መጀመሪያ ሰው ጭናችሁ መሪ አዙሩ» እላቸዋለሁ። «ኧረ ጋሼ፣ ወረፋ ያልፈናል!» ይላሉ። ይለፋቸው። የተቆጣ ሌላ ጋ ሄዶ ያስገጥም፤ በእኔ እጅ ግን ሳይጫን ያልታየ ጎማ ከዚህ ግቢ አይወጣም።

ከግንባር እንደተመለስኩ ማንኪራ ወርጄ የበላቸውን አባት ጠይቄያቸዋለሁ። ንብ የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው። የጠዋቱንም፣ የአርባ ደቂቃውንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ።

«ሹምህን እምቢ ማለትህ ደግ አደረግህ» አሉኝ በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ጠዋት ግን ጭነህ ለምን አላየሃትም?» አሉኝ።

ሻምበሉ ዛሬ ቢጠራኝ የዚያኑ ቀን መልሴን እደግምለታለሁ። የበላቸው አባት ጥያቄ ግን ጎማ በገጠምኩ ቁጥር ይመለስብኛል፤ ሰው አስጭኜ መሪውን አዞራለሁ።