የአለቃ እሬትና የግራዝማች ንቦች

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ አከራዬ አለቃ ደምሴ በሬን ደበደቡት። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ፣ ተመድቤ ቢቸና ሳይንስ አስተምራለሁ።

«መምህር፣ ውጣ እንጂ! ዛሬ ትምህርትህ ይፈለጋል» አሉኝ።

ደስ አለኝ። እስከዚያ ቀን የፈለገው ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤታችን የግራዝማች አያሌው ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ጠፉ። ግራዝማች ሲፈልጉ ሲያስፈልጉ ከርመው፣ በአለቃ አጥር ላይ ባለው እሬት ዙሪያ ንብ የመሰለ ነገር ሲያንዣብብ አዩ። «የኔ ናቸው» አሉ። አለቃ ደግሞ «እኔ ግቢ ከገቡማ የኔ ናቸው» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ... የተረታው ማር ሊከፍል ተወራረዱ። የሃያ ዓመት ጉርብትና ሊፈርስ ነው።

እኔ ሆዬ፣ ሽማግሎቹ እያዩኝ ከእሬቱ ላይ አንዷን ቀለብ አድርጌ በእጄ ያዝኳት። አልነደፈችኝም።

«ንብ አይደለችም፣ ዝንብ ናት። የምትራባው እሬት ውስጥ ነው» ብዬ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሰንጥቄ ትሎቿን አሳየሁ። ምርቃት ጠበቅሁ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ትሎቹን አዩ።

«ታዲያ እኔ በሽማግሌ ፊት የተወራረድኩት በዝንብ ነው?» አሉ አለቃ።

«ከልጅነቴ ንብ ያነብኩትን ሰውዬ ንብ አያውቁም እያልከኝ ነው?» አሉ ግራዝማች። «ሞጣ ንብ የለም እንዴ?»

በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። እኔ ባለጌ ነኝ።

«ዕቃህን አውጣ!» አሉኝ አለቃ። ክረምቱ እየገባ ነው፣ ሌላ የማውቀው ቤት የለኝም።

ሽማግሎቹ ተመካክረው ፈረዱ። ንቦቹ የሁለቱም ይሁኑ፣ ማሩ አብሮ ይበላ፣ መምህሩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅና ቤቱ ይቀመጥ።

«ግን እኮ ዝንብ ናት...» አልኩ።

«ልጄ» አሉ አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «ያንተ እውነት ሁለት ሰው ሊያዋርድ ነበር። የኛ ሦስት ሰው አስታረቀ።»

ድንጋዩን ጫንቃዬ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። ይሄኔ አንዷ ከእሬቱ ተነስታ መጥታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች።

«እንዳትነቃነቅ! ትነድፍሃለች!» ብለው ጮኹ አለቃም ግራዝማችም፣ ከልባቸው ተጨንቀው።

ቅጠሉን ሰንጥቄ ትሏን ያሳየሁት እኔው ነኝ... ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ።