ባለ በርኖሱ

ዘውገን የማያውቅ የላሊበላ ሰው የለም፤ ፌስቡክ ላይ ግን ፊቱን አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው አታገኙም። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ አሰለች እባላለሁ። ከቤተ ክርስቲያኖቹ መግቢያ ፊት ለፊት ነጠላና የእንጨት መስቀል እሸጣለሁ። አስጎብኚዎቹ እንግዳ እስኪመጣላቸው ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጠው ሰው ሲያሙ ስለሚውሉ፣ በዚህ ከተማ የማልሰማው ነገር ጥቂት ነው። ዘውገ ከዋድላ፣ ከኮን ከተማ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረው እኔ ግቢ ተከራይቶ ነው። ሥራ ወዳድ፣ አንደበቱ የታረመ ልጅ ነበር። ግን ይጠረጥራል። በርበሬ ሲገዛ ሸክላ ፈጭተው ቀላቅለውበታል ይላል። ሰው በስሙ ጠርቶ ሰላም ካለው፣ ስሜን ማን ነገረው ብሎ ይብሰለሰላል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እትዬ አሰለች» ይለኛል።

«የጠረጠረስ ምን አተረፈ?» እለዋለሁ። ይስቅና ወደ ሥራው ይሄዳል።

በ2007 ዓ.ም. ገደማ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ ገዛና «ባለ በርኖሱ» የሚል ገጽ ከፈተ። ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአባቱን ጥቁር በርኖስ ለብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንዴ አሸተን ተራራ አፋፍ ላይ፣ አንዴ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ይቆማል። ፊቱን አያሳይም። ዓይን ይበላኛል ብሎ ነው እንጂ ለውበት አልነበረም፤ ፈረንጆቹ ግን ወደዱለት። «ባለ በርኖሱን ፈልገን መጣን» የሚሉ እንግዶች ሱቄ ድረስ መጥተው መጠየቅ ጀመሩ። ያኔ መቅደላዊትን አገባ፣ ከእኔም ግቢ ወጥቶ የራሱን ቤት ሠራ።

ፎቶዎቹን የሚያነሣለት ከፋለ ነበር። ከፋለ የላሊበላ ተወላጅ ነው፤ እሱም አስጎብኚ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ የያዘውን ሁሉ ለሰው የሚሰጥ። ዘውገን እንደ ወንድሙ ያየው ነበር። አንድ ቀን ደጃፌ ተቀምጠው ፎቶ ሲመርጡ ከፋለ እየሳቀ፣

«በርኖሱ ያንተ፣ ዓይኑ የኔ፤ እንግዲህ ገጹ የጋራችን ነው!» አለ።

ዘውገም ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ ቶሎ ሲከስም አይቻለሁ። ያችን ቀልድ አልዋጣትም፤ ጉንጩ ሥር አስቀመጣት።

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አንድ የሆቴል ባለቤት የዘውገን ፎቶ ከገጹ ላይ ወስዶ፣ ስሙን ከጥግ ቆርጦ፣ አሳትሞ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰቀለው። ዘውገ ሄዶ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የእኔ ሥራ ነው፤ ቢጠይቁኝ ምን ነበር?» ቢለው፣

«ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈልኸው አንተ ነህ እንዴ?» አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነት ለመናገር እኔም ስሰማው ስቄአለሁ። ዘውገ ግን ከዚያ ወዲህ ስሙን በፎቶው መሐል በትልቁ ይጽፍ ጀመር፤ ከፋለም «ቤተ ክርስቲያኑን ነው ወይስ ስምህን ነው የምንሳለመው?» እያለ ያበሽቀው ነበር።

በ2009 መስከረም ዘውገን ተስቦ ጣለው። ሐኪም ቤት መርፌ ወጉት፤ ትንሽ ተሻለው፣ መልሶ ጣለው። ከፋለ ደግፎ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወሰደው፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ሊያስጠምቀው። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። ዘውገ ያንን ስም ለሰው አይናገርም፤ በስሜ መተት ይሠሩብኛል ይላል። ያን ቀን ግን ድምፁ አልወጣ ስላለው በከፋለ ጆሮ ሹክ አለው፤ ከፋለም ለቄሱ ነገረለት። ዳነ።

እሱ ሲድን ኢንተርኔቱ ታመመ። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ኔትወርኩ ተዘጋ፤ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ካልሆነ ሰው ለሰው አይጠራራም። ኔትወርኩ ሲለቀቅ ዘውገ ገጹን ሊከፍት ቢል ፓስወርዱ እምቢ አለ። መጀመሪያ የጠረጠረው መንግሥትን ነበር። «ጆሮ ጠቢዎቹ ወስደውብኝ ነው» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ግን ገጹ አልተዘጋም። ይሠራል! ሌላ ሰው ጥቁር በርኖስ ለብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አዲስ ፎቶ ይለጥፋል። ከእንግዶች ቀብድ ይቀበላል። እንግዶቹ መጥተው፣ ሰው አሳይቷቸው ዘውገን ሲይዙት ምን ይበል? ቀብድ የተቀበልኩት እኔ አይደለሁም ቢል ማን ያምነዋል? ፊቱን አያውቁት።

ከደጃፌ ተቀምጦ በጣቱ መሬት እየጫረ ያሰላ ጀመር። ፓስወርዱ የክርስትና ስሙ ነበር፤ ያን ስም ማንም አያውቅም ብሎ ነው። እናቱ ያውቁ ነበር፣ ሞተዋል። የክርስትና አባቱም ሞተዋል። ቄሱ ያውቃሉ፣ እሳቸው ደግሞ ስልክ የላቸውም። ሚስቱ ታውቃለች፣ እሷ ገላው ናት።

«ከፋለ ቀረ» አለኝ።

«ተው አንተ! ደግፎ ጠበል ያደረሰህን ሰው?»

«ዓይኑ የኔ ነው፣ ገጹ የጋራችን ነው ብሎ የለም እንዴ? ሰሞኑን አዲስ ጃኬት ገዝቷል፤ አላየሽም?»

ጃኬቱን አይቻለሁ። ልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ ነው፤ አንድ ቁልፉም የለም። ይህን ብነግረው «ለማስመሰል ነዋ» አለኝ።

በማግስቱ ሌላ ገጽ ከፈተና በገና ሰሞን የተነሣውን የከፋለን ፎቶ፣ ያንን በሳቅ የተሞላ ፊት፣ «ይህ ሰው ሌባ ነው፤ የባለ በርኖሱን ገጽ ሰርቋል፤ እንግዶች ተጠንቀቁ» ብሎ በእንግሊዝኛ ለጠፈው። የራሱን ፊት አንድ ቀን አሳይቶ የማያውቅ ሰው የወንድሙን ፊት ለዓለም በተነው። ወሬ ወዳዱ ሁሉ ተቀባበለው። ከፋለ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ዘውገ፣ በሞቴ፣ እኔ ነኝ?»

ዘውገ ቀና ብሎ አላየውም። ከፋለ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሆቴሎቹ እንግዳ ሲመጣ እሱን መጥራት ተዉ። በወሩ አገሩን ለቆ ጋሸና ከተማ ገባ፣ መኪና መቆሚያው ላይ ካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጠረ አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ዘውገን ደግሞ ለብዙ ጊዜ ሰላም አላልኩትም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ መቅደላዊት ምስር ልታስለቅመኝ ጠራችኝ። ዘውገ ጥግ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። እሷ የዘውገን ስልክ አንሥታ፣

«ያ የገዳም ገጽ ደግሞ ብቅ ብሏል፤ የክርስትና ስማችሁን ጻፉልን፣ እንጸልይላችኋለን ይላል። እንደ ባለፈው ያንተንም ልጻፍልህ?» አለችው።

ዘውገ ጫማውን ጣለ። «የቱን ባለፈው?»

«የታመምክ ጊዜ ነዋ! ራስህን ሳታውቅ ተኝተህ፣ በዚሁ በስልክህ ጻፍኩልህ። ይኸው ጸልየው አስማሩህ።»

በስልኩ ስትጽፍ የወጣው በራሱ ገጽ ስም ነበር። ባለ በርኖሱ፣ ከነክርስትና ስሙ፣ አገር በሚያየው ቦታ። የተባለው ገዳም የት እንደሆነ የንስሐ አባታችንን አባ ገብረ ሚካኤልን ሄደን ብንጠይቃቸው «በላስታም በዋድላም እንዲህ የሚባል ገዳም አላውቅም፣ ልጆቼ» አሉን። ስንቱ ምእመን የክርስትና ስሙን ቁልፍ እንዳደረገ ሌባው ያውቅ ኖሯል። መቅደላዊት ደረቷን ደቃች፤ ዘውገ ግን አልተቆጣትም።

የዚያኑ ዕለት በከፋለ ላይ የለጠፈውን አጠፋ። የገዛ ፊቱን አንሥቶ «ባለ በርኖሱ እኔ ነኝ፤ ከፋለ ንጹሕ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ሰው ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ? «አንተ ደግሞ ማን ነህ? እውነተኛው ባለ በርኖስ ገጹ ላይ አለ፤ አንተ የሌባው ግብረ አበር ነህ።» የከፋለ ፎቶ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚሉት ሆነ፤ እሱ ቢያጠፋው የተቀባበሉት አላጠፉትም።

እኔው ይዤው ጋሸና ሄድኩ። ዘውገ ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሹፌሮቹ እያዩት ምግብ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄደ። ከፋለ ሽርጥ እንደታጠቀ ወጣ። ከስቷል።

«ማረኝ» አለው ዘውገ።

ከፋለ ጊዜ አልፈጀም፤ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ተነሥ፣ ሰው ያየናል።» ተሳሳሙ፤ እኔም እልል አልኩ። «አሁን ወደ አገርህ ግባ» አልኩት ከፋለን፤ «እግዜር ያንን ቀን ያሳይሽ፣ እታለም» አለኝ።

ወዲያው የላሊበላ እንግዶች የጫነች ላንድክሩዘር መጥታ ቆመች። ሁለት ፈረንጆች ወርደው ሻይ ሊጠጡ ደጅ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ከፋለን አየችው። ስልኳን አወጣች፣ ጣቷን ስታንሸራትት ቆየችና እንደገና አየችው። ለባሏ አንድ ነገር አንሾካሾከች፤ ቦርሳዋንም ከወንበሩ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።

ዘውገ ይህን ሁሉ አየ። ሊናገራት ብድግ አለ፣ ከፋለ ክንዱን ያዘው።

«ተው፣ አትልፋ» አለው በቀስታ። «ሁሉም እንዲህ ናቸው። እኔ ጓዳ ልግባ፤ ዳግም ካየችኝ ሻዩን ሳትጠጣ ትሄዳለች።»

ሽርጡን አስተካክሎ ገባ። ዘውገ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።