የምሥራቁ መስኮት

ትናንት ቤቴን ሊጠግን የመጣው ግንበኛ መስኮቴን ከፍቶ አየና ሳቀ። ጎረቤቴ በምሥራቅ በኩል ያቆመው የብሎኬት ግንብ ከመስኮቱ ክንድ አይርቅም።

«እትዬ፣ ይኼ ከእንግዲህ ምን ያሳይሻል? ልድፈነውና ቁም ሣጥን ይቁምበት» አለኝ።

«በቁሜማ አይደፈንም!» አልኩት። ደንገጥ አለ መሰለኝ።

መስኮቱን ያስወጣው አባቴ ነው። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እንጅባራ ላይ መንገድ ዳር ቤት የሚሠራ ሁሉ ለሱቅ ኪራይ ብሎ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞራል። አባቴም በሩን ወደዚያው፣ ወደ ምዕራብ አደረገ። ግድግዳው ሊመረግ ሲል ግን አላስችለው አለ።

«በምሥራቅም መስኮት ይውጣልኝ» አለው አናጢውን።

«ጋሼ፣ ያገሩን ብርድ እያወቁት? በዚያ በኩል የሚገባው ነፋስ ይጨርስዎታል።»

«ታዲያ ጌታ ከምሥራቅ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጥቼ ልቀበለው?»

አናጢው ራሱን እየነቀነቀ መጋዙን አነሣ።

በመስኮቱ ትይዩ፣ ከፍ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይታይ ነበር። እናቴ የተቀበረችው እዚያ፣ ጽዶቹ ሥር ነው። ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ፎቶ እንኳ የላትም። መልኳ ጠፍቶብኛል፤ የቀረኝ ነጠላዋ ላይ የነበረው የገብስ ቆሎ ሽታ ብቻ ነው።

መስኮቱ በወጣበት ዓመት በደብረ ዘይት እሑድ፣ የጌታ ዳግም መምጣት በሚሰበክበት ዕለት፣ ከቅዳሴ ተመልሰን አዲሱ መስኮት ሥር ድንች ቅቅል በአዋዜ እንበላለን። ቄሱ ሙታን ይነሣሉ ሲሉ ሰው ሁሉ ፍርዱን ፈርቶ ያለቅስ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው።

«አባየ፣ እማየ ያን ቀን ታውቀኝ ይሆን? ጥላኝ የሄደችው ሕፃን ሆኜ ነው እኮ።»

አባቴ የላጠውን ድንች መልሶ አስቀመጠው።

«አንቺ ሞኝ፣ እኔ ምን ልሠራ ነው? አጠገብሽ ቆሜ ‹ይቻትልሽ ልጅሽ› እላታለኋ!»

አዋዜው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት መስኮቱን የምከፍተው እኔ ሆንኩ። ነፋሱ እውነትም አጥንት ይሰብራል። የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል፣ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላዬ ይቆምና ጸሎቱን ባማርኛ ጀምሮ በአገውኛ ይጨርሳል። ከዚያ «ዛሬ ካልመጣ ነገ ይመጣል» ብሎ ድንቹን ሊኮተኩት ይወጣል። ሲናፍቅ እንኳ ሥራ አይፈታም ነበር።

አምና እሱም ወደ ጽዶቹ ሄደ። እናቴ አጠገብ አሳረፍነው። እንደ ደንቡ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሲነሣ ጌታን ፊት ለፊት እንዲያይ። አፈሩ ሲመለስ ነው የታወሰኝ። ሁለቱም ሲነሡ ጀርባቸው ወደ ቤቴ ነው። አጠገቤ ቆሞ ሊያሳየኝ የነበረው ሰው እዚያ ማዶ ተኛ። «አይ አባየ፣ ቃልህሳ?» ብዬ አለቀስኩ። ሰው ሐዘኑ የጸናብኝ መስሎት ደገፈኝ።

ዛሬ ጧትም መስኮቱን ከፈትሁት። የሚታየው ብሎኬት ነው፤ ነፋሱ ግን በጎን በኩል እንደ ድሮው ይገባል። ያን ቀን ብሎኬት አያግድም። እናቴና አባቴ መጀመሪያ የናፈቁትን ጌታ ጠግበው ይዩት፤ እኔ እታገሣለሁ። ከዚያ አባቴ ትከሻዋን ነካ ያደርግና «እስቲ ዘወር በይ» ይላታል። «ይቻትልሽ፣ በመስኮቱ ያለችው።»