ምንጬ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ናቸው

የጽሑፍ መምህራችንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። በዕድሜ ታናሼ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼን አብልቼ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ሰንጋ ተራ ወዳለው ኮሌጅ ስደርስ «አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው» ብሎ ነው የተቀበለኝ።

የመጀመሪያ ጽሑፌን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። «ልደታ ነዋሪዎቿ በፍቅር የኖሩባት ባለ ታሪክ ሰፈር ነበረች» ይላል መግቢያው። ይህን የሚቃወም እንዳለ ተማሪውን ጠየቀ። እጁን ያወጣ የለም።

«ማንም የማይቃወመውን ነገር ይዘሽ ከማን ጋር ልትከራከሪ ነው?» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ እዚያው ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ፣ ቤታችን ሲፈርስ ያየሁ ሰው መሆኔን ነገርኩት።

«አንቺ ምንጭ አይደለሽም» አለ። «ሰው ጠይቂ፣ አንብቢ፣ ከየት እንዳገኘሽው ጻፊ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። በምንጭ ብዛት አፉን ላስይዘው ብዬ ወጣሁ።

በሕንፃችን ከድሮው ሰፈር ከመጡት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ከእኔ በታች ያሉት ሴትዮ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ደግሞ ተኳርፈናል። ከበረንዳዬ የሚንጠባጠበው የልብስ ውኃ የእሳቸውን ስጥ አበላሽቶ፣ ያኔ የተነጋገርነው ከሁለታችንም ልብ አልወጣም። ቢሆንም በራቸውን አንኳኳሁ። ለትምህርት እንደሆነ ነግሬ ድምፃቸውን በስልኬ ለመቅዳት ፈቃድ ጠየቅኩ። እንድቀመጥ ሳይጋብዙኝ «ቅጂ» አሉኝ። እኔም ስለ ድሮው ፍቅር እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«የምን ፍቅር ነው የምታወሪው?» አሉ። «ቦኖ ውኃ ላይ ስንሰዳደብ ነው የኖርነው። ሽንት ቤቱን ማን ይጠብ ብለን ቀበሌ ተካሰናል። ተጣልተን የምንታረቀው ነገም እዚያው ቦኖ ላይ መገናኘታችን ስለማይቀር ነበር። አሁን ውኃው ቤቴ ገባ። ማንን ልለማመጥ?»

ተናድጄ ወጣሁ። ቃላቸውን ላለመጠቀም ወስኜ ሌሎች የሰፈራችን ሰዎች ዘንድ ሄድኩ። እነሱ ስለ ፍቅር በደንብ አወሩልኝ። ዝርዝሩን ስጠይቃቸው ግን የሁሉም ወሬ ዞሮ ዞሮ የጋራ ቧንቧ፣ የጋራ ግቢ፣ የጋራ ሽንት ቤት ላይ ያርፋል። ሴትዮዋ ልክ መሆናቸውን ማመን እንደ መራራ መድኃኒት ነበር የዋጥኩት። የጽሑፌን ዋና መከራከሪያ እንደገና ጻፍኩት፦ «የድሮውን ጉርብትና ያቆመው ፍቅር ሳይሆን የግድ መጋራት ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ መጋራቱን ሲያስቀረው ጉርብትናውም ሳሳ።» በጉዳዩ ላይ የተጻፉ ጥናቶችንም አነበብኩ፤ የሚደግፉኝንም የሚቃወሙኝንም ከእነ ምንጫቸው አስገባሁ።

መምህሩ ውጤት ሳይሰጥ መለሰልኝ። ወይ ከሰው ገልብጠሻል፣ ወይ በኤአይ አስጽፈሻል አለኝ። ይህን ያለኝ ተማሪ ሁሉ በሚሰማበት ኮሪደር ላይ ነው። በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ኃላፊዋ እሱንም አስጠሩት።

ወረቀቱን ሳላይ መከራከሪያዬን እንድናገር አዘዙኝ። ተናገርኩ። ቀጥለው «ምን ብታገኚ ተሳስቻለሁ ትያለሽ?» አሉኝ። ሁሉም ውኃ በየቤቱ እያለው ጎረቤቶቹ የሚጠያየቁባቸው ብዙ ሕንፃዎች ባገኝ አልኩ፤ አንድ እንደዚያ ያለ ብቻ አግኝቼ እሱንም በመጨረሻው ገጽ እንደጻፍኩት አሳየኋቸው። መምህሩ ቃለ መጠይቁስ የፈጠራ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ ብሎ ጣልቃ ገባ። ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩት። የሴትዮዋ ድምፅ ቢሮውን ሞላው። ስለ ቦኖው ተናግረው ሲጨርሱ ለመዝጋት ዘገየሁ።

«አንቺስ ብትሆኚ ደረጃ ላይ ስታገኚኝ ፊትሽን አዙረሽ አይደል የምታልፊው?» አሉ ሴትዮዋ ከስልኩ ውስጥ።

መምህሩ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስልኩን ቸኩዬ ዘጋሁት። ኃላፊዋ ግን ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ተናግረው እንዲያርመው አዘዙት። ቢ ሰጠኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላመሰገንኩትም። እስከ ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብንገናኝ ሰላም አንባባልም። ቢሮ ሪፖርት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ከየት እንደተገኘ ነው፤ ይህን ያስተማረኝ እሱ መሆኑ ይበልጥ ያናድደኛል።

ጽሑፉን ለሴትዮዋ ወስጄ እሳቸው ያሉበትን ቦታ አነበብኩላቸው። «አንዲት ነዋሪ እንደተናገሩት» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ቃሌን ወስደሽ ስሜን ትተሽዋል?» አሉኝ።

የተውኩት ለእሳቸው ብዬ እንደሆነ፣ ሰው እንዳያውቃቸው መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። የሚያፍሩበት ነገር እንዳልተናገሩ ነገሩኝ። ወደ ቤቴ ወጥቼ ስማቸውን ከእነ አባታቸው ከዋቢዎቹ መካከል ጻፍኩት። አዲሱን ቅጂ ይዤ ስመለስ በር ላይ ቆመው ስማቸውን ፈልገው አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ገቡና በሩን ዘጉት።