ስሜ የተጻፈበት ስፌት

በቁም ሣጥኔ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ አሥራ ሁለት ባለ አራት ማዕዘን ጨርቆች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከትንንሽ ቁርጥራጭ የተሰፉ፣ ጥጋቸው ላይ የሰፋቻቸው ሴት ስም የተጻፈባቸው። አንዱ ላይ የእኔ ስም አለ። እኔ ግን አልሰፋሁትም። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እንኳ ሦስት ጊዜ የምሞክር ሰው ነኝ። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ፌስታሉን ይዤው እዞራለሁ። ልጥለውም አልቻልኩም፤ አውጥቼ ላየውም አልደፍርም።

ነገሩ የሆነው ካልጋሪ በነዳጅ ገንዘብ ባበጠችበት ዘመን ነው። ሠራተኛ ፈላጊ በየበሩ ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር፤ ዶናት ቤቶች ሳይቀሩ የሚያስተናግድላቸው አጥተው በጠራራ ፀሐይ ይዘጉ ነበር። እኔም በዚያ ግርግር ከሆቴል አልጋ አንጣፊነት ወጥቼ፣ መሀል ከተማ የአንድ ነዳጅ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ፋይል የማደራጀት ሥራ አገኘሁ። ከመስኮቱ ተራሮቹ ይታያሉ። ከማንም ጋር በስልክ ሳወራ ያንን መስኮት ሳላነሳ ዘግቼ አላውቅም። ጉራዬን ከወዲሁ መናገሬ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

መስኮቱ ይኑር እንጂ ምሳዬን የምበላው ብቻዬን ነበር። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ብርዱ ያወሩኛል፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛቸው ይሄዳሉ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሴቶቹ ጨርቅ ዘርግተው ይጫወታሉ። ኩዊልት ይሰፋሉ፤ ቁርጥራጭ እየገጣጠሙ የሚሠሩት ብርድ ልብስ ነው። የሁሉም አስተባባሪ የእኔው አለቃ ነበረች፤ ሽበቷን የማትቀባ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት። አንድ ቀን በአጠገባቸው ሳልፍ ቆም ብዬ ሳይ፣ አንቺም ትሰፊያለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። በአዎ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ በእኛ አገር የማትሰፋ ሴት የለችም፣ እኔማ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ብዬ ጨመርኩበት። ጠረጴዛው ጋ አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ ለእሱ ስል ነው የዋሸሁት።

ወዲያው ወደ ልውውጣቸው አስገቡኝ። አሥራ ሁለት ነን። እያንዳንዳችን አንድ ዓይነት የሆኑ አሥራ ሁለት ብሎኮች እንሰፋለን፤ ብሎክ የሚሉት የብርድ ልብሱን አንዱን አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ ተሰብስበን እንለዋወጣለን፤ እያንዳንዷ የራሷን አንድ አስቀርታ ከሌሎቹ አንድ አንድ ይዛ ትመለሳለች። የዚያን ጊዜው ደንብ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ታሪክ ያለው አሮጌ ጨርቅ እንዲገባ ነበር። ስድስት ሳምንት ተሰጠን። ጨርቅ ገዛሁ፣ የልብስ ስፌት መኪና ተዋስኩ፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ታግዬ የወጣልኝ አራት ማዕዘን ከአንድ ወገን ጎብጦ፣ ከሌላው ወገን ተሸብሽቦ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው እትዬ ትዝ ያሉኝ።

እትዬን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ እሑድ በመኪናዬ የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። ኮራል ስፕሪንግስ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የልጃቸው ባል ሰሜን የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ሁለት ሳምንት እየሠራ ሁለት ሳምንት ያርፋል፤ ልጃቸው ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ሺፍት ትሠራለች። እሳቸው ልጆቹን ትምህርት ቤት ከሸኙ በኋላ እስኪመለሱ ድረስ ብቻቸውን ናቸው። ሰፈሩ የተሠራው በሐይቅ ዙሪያ ነው፤ ሐይቁ ዳር ግን ማንም ወስዷቸው አያውቅም። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የሴት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰው ቤታቸውን ለማግኘት ቀበሌና ቁጥር አያስፈልገውም ነበር፤ ስማቸውን ከጠራ ሕፃን ልጅ ሳይቀር በር ድረስ ያደርሰው ነበር። ይህን ደጋግመው ያወሩኛል። እዚህ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ለልጃቸው እማዬ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ግራንድማ፣ ለእኔ እትዬ ነበሩ።

አንድ እሑድ መኪና ውስጥ፣ ለቢሮ ሴቶች ስጦታ የሚሆን ትንሽ ስፌት ቢያግዙኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። ስጦታ ነው አልኩ እንጂ ልውውጥ ነው፣ በስሜ ነው አላልኩም። ፊታቸው በራ። ጨርቁንና ከአለቃዬ የተሰጠኝን የልክ ወረቀት አስረከብኳቸው። ወረቀቱ ስፌቱ በውስጥ በኩል የሚያስተርፈው ጨርቅ ሩብ ኢንች ብቻ ይሁን ይላል። እትዬ አንድ ጣት ሙሉ አስተርፈው ሰፉት። ወረቀቱን ሳሳያቸው ሳቁብኝ፤ ሰው ይወፍራል ልጄ፣ ኋላ የሚለቀቅ ጨርቅ ያልተወ ሰፊ ምኑን ሰፊ ሆነ አሉኝ። ብርድ ልብስ እኮ ነው፣ አይወፍርም ብላቸው፣ የሚለብሰው ይወፍራል አሉ። እኔም ሳቅኩና ተውኩት።

አሮጌ ጨርቅ እንደሚያስፈልግ ነግሬያቸው ይዤ መምጣቱን ግን ረስቼው ነበር። ብሎኮቹን ልወስድ የሄድኩ ዕለት አሥራ ሁለቱም መሀላቸው ላይ ቀይና ወርቅማ ጥለት ገብቶባቸዋል። ቀና ስል በሩ ጀርባ የተሰቀለ ነጭ ቀሚስ አየሁ፤ የታችኛው ጠርዙ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል። በልጃቸው ሠርግ የለበሱት ቀሚስ ነው። ምነው እትዬ ስላቸው፣ የት ለብሼው ልሄድ ብለው ክሩን ጠቅልለው አስቀመጡት። ደንግጬ ነበር። ቢሆንም ብሎኮቹን ይዤ ወጣሁ።

ልውውጡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ቤት ሆነ። ለካስ ኩዊልት የሚሰፉ ሴቶች መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን አይደለም፤ ገልብጠው ጀርባውን ነው። አለቃዬ የእኔ የተባለውን ገለበጠችና ሰፊውን ትርፍ ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰችው። ይኼ የኩዊልት ሰፊ እጅ አይደለም፣ የልብስ ሰፊ እጅ ነው፣ ማን ነው ያስተማረሽ አለችኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። አንዲት እናት ሰፉልኝ ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር። አገር ቤት ልብስ መስፋት ሥራዬ ነበር አልኩ። ጥለቱን ሲጠይቁኝ ደግሞ የእናቴ ቀሚስ ነው አልኩ። አንዷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በጨርቅ ላይ የሚጽፍ እስክሪብቶ አዞሩ፤ ቢታጠብም አይለቅም ብላ አለቃዬ አስጠነቀቀችን። ስሜን አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳልቸኩል ጻፍኩ።

ልንለያይ ስንል በሚቀጥለው ወር ጥለቱን እንዴት እንዳስገባሁት ተቀምጬ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ደስ ይለኛል አልኩ። 

መላ ያልኩት ይህንን ነው፤ ፋርማሲ ሄጄ ፋሻ ገዛሁና ቀኝ እጄን አንጓው ላይ ጠቀለልኩት። በረዶ ላይ ወደቅኩ አልኩ። ቢሮ ውስጥ ፋይል ይሸከሙልኝ ጀመር፤ አለቃዬ በር ትከፍትልኝ ነበር። ለእትዬም ያንኑ ነገርኳቸው፤ እጄን ስለታመምኩ ለሴቶቹ እርስዎ ቢያሳዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ስለ ስፌቱ ከመመለሳቸው በፊት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰው እየወጣ እየገባ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጮክ ብለው ጸለዩልኝ። እንባቸው ፋሻው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከፋሻው ሥር ያለው እጅ ጤነኛ ነበር። አሜን አልኩ።

በቀጠሮው ቅዳሜ ካላቸው ልብስ ሁሉ የተሻለውን ለብሰው ጠበቁኝ። መቀሳቸውንና ሜትራቸውን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። አለቃዬ በር ላይ ተቀብላን እትዬን እየጨበጠች፣ ስማቸው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ስማቸውን ከነገርኩ ሥራቸውንም እንዳልነግር ፈራሁ መሰለኝ። በእንግሊዝኛ፣ አክስቴ ናቸው፣ አንቲ በሏቸው፣ ካናዳ ከመጡ ወዲህ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው አልኩ። እትዬ አጠገቤ ቆመው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አለቃዬ አንዴ የእሳቸውን እጅ፣ አንዴ የእኔን ፋሻ አየች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባችን።

እትዬ ተቀመጡ፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል ሲያደርጉ ሌላ ሰው ሆኑ። አያወሩም፤ እጃቸው ግን ያስረዳ ነበር። ጨርቁን አንዴ አይተው ይቆርጣሉ፣ መርፌው የት እንደሚወጣ ሳያዩ ያውቃሉ። ሴቶቹ ወንበራቸውን እየሳቡ ተጠጉ። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ አስተማሪ ነኝና፣ አንዳንዴ ልክ ነው እንደማለት ራሴን እነቀንቅ ነበር። ሲጨርሱ አጨበጨቡላቸው፤ አንዷ አቀፈቻቸው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ።

«እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ አይተን አናውቅም አሉ። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የሰፉ ናቸው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ስሜንስ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ሰኞ ፋሻውን ፈታሁት፤ እጄን ያሳክከኝ ጀምሮ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ በምስክርነት ሰዓት እትዬ እጃቸውን አወጡ። ባወቅኳቸው ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተነሥተው አያውቁም። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ሁለት ነገር ላመሰግን ነው አሉ። ቋንቋቸውን በማላውቀው ሕዝብ መካከል ጌታ ስሜን አስጠራው፣ የእጄን ሥራ አሳየልኝ አሉ። ሁለተኛው ደግሞ ይቺን ልጄን እጇን ፈወሰልኝ አሉ። እልልታው ቤቱን ሞላው። መጋቢው እጄን ከፍ አድርጌ ለምእመኑ እንዳሳይ ጠየቁኝ። ከፍ አደረግኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ ጣቶቼንም አንቀሳቀስኩላቸው።

እስከዚያ ድረስ አፍር ነበር፤ ግን የምፈራው ሰው እንዳይሰማብኝ ብቻ ነበር። እጄ አየር ላይ ሆኖ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ግን ራሴን ተጸየፍኩ። እሳቸውን ወደ ቤት ሳደርስ መኪናውን በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወንበሩን፣ እስክሪብቶውን፣ የእናቴ ነው ያልኩትን ቀሚስ፣ ፋሻውን። መሪውን ይዤ ፊት ለፊት እያየሁ ነበር የማወራው።

«እጅሽን አልታመምሽም?» አሉኝ።

«አልታመምኩም።»

«ስሜንስ?»

«ጠይቀውኝ ነበር። አልነገርኳቸውም።»

ከዚያ ቀበቶውን እየፈቱ፣ «ለእህቴ ደውዬ ስሜ ተጠራ ብዬ ነግሬያታለሁ እኮ» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው ምን እናድርግ የሚሉ ይመስሉ ነበር። በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ገቡ።

ሰኞ ለአለቃዬ ተናገርኩ። አልደነቃትም። ቀድማ ሳትገምት አልቀረችም። እስክሪብቶውን ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝ፤ አንቺ ጋ ባለው ብሎክ ላይ እሳቸው ራሳቸው ስማቸውን ይጻፉበት፣ የሌሎቻችንንም እናመጣለን አለችኝ። በዚያው ቀን ብሎኩንና እስክሪብቶውን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ውኃ አቀረቡልኝ። ብሎኩን ተቀብለው ገለበጡት፣ ያንን አንድ ጣት ትርፍ ጨርቅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ አዙረው ስሜን አዩት። እስክሪብቶውን አልነኩትም።

«ይቅር ልጄ» አሉኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ። ስሜን ግን ያኔ ያልጠራሽውን አሁን አትጥሪው።»

ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ አመላልሳቸው ነበር፤ ስለ ስፌት ግን ሁለታችንም አላነሳንም። ሴቶቹ በየጊዜው ስማቸውን ጠይቀውኛል፤ አልነገርኳቸውም። እዚህም ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።