ለጉሬዛ «ቤቶች» ያልኩበት ዘመን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጉሬዛ ሸናብኝ። ከዚያ በፊት የነበረውን ሕይወቴን አልተርክም፤ ከዚህ የሚበልጥ ክብር አላገኘሁበትም።

ጫካችን ከመርሳ በላይ፣ ገደሉ ሥር ነው። የዶቅማ ዛፍ ስለሚበዛበት «ዶቅማው» እንለዋለን። የአካባቢው ሰው ማኅበር አቋቁሞ ጫካውን ሲረከብ፣ እንጨት ቆራጩን አስወጥቶ ጎብኚ ለማስገባት አሰበና ጥበቃ ተፈለገ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሼህ እንድሪስ ቤቴ ድረስ መጡ። ሰላም ካሉኝ በኋላ ዓይናቸው የተቀመጥኩበት ምንጣፍ ላይ ቀረ። ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ሰባት የጉሬዛ ቆዳ የተሰፋበት።

«አንተ ይመር» አሉኝ፣ «ሰባቱን ተቀምጠህባቸዋል። የቀሩትን ቆመህ ጠብቅ።»

ምንጣፉን በዚያው ዕለት አጥር ጥግ ቀበርኩት። ባለቤቴ ከበቡሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ከእኔ ይልቅ እርሱ ያሞቃት ነበር።

በነጋታው ካኪ ኮት፣ የርቀት መነጽርና የቆጠራ መዝገብ ተረከብኩ። መነጽሩን ገልብጬ ይዤ፣ አውሬው ወዴት እንዲህ እንደራቀ ማዶ ማዶውን ስፈልግ፣ እርሱ ለካ ከራሴ በላይ ነው። የቀረውን ነግሬአችኋለሁ።

ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ ሁለት ቀን አስተማረን። አውሬ አይመገብም። ከአሥራ አምስት እርምጃ በታች አይቀረብም። በጣት አይጠቆምም። ዓይን ለዓይን አይታይም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ልብስ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማስለመድ ነው። ስትገቡ እንዳይደነግጡ አንድ የማይለወጥ ድምፅ አሰሙ አለን። ድምፁ ምን ይሁን የሚለውን ለእኛ ተወው።

እኔ የሰው ደጅ ስደርስ ከልጅነቴ የማውቀው ድምፅ አንድ ነው። የጫካው ጫፍ ላይ ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ቤቶች» አልኩ። «ማነው?» የሚል አልተገኘም። እንደተፈቀደልኝ ቆጥሬ ገባሁ።

እንዲህ ሰባት ወር ተቀመጥኩ። አሠልጣኙ እነሱ ሲበሉ አንተም የምትበላ ምሰል ብሎኝ ስለነበር ቅጠል እቀነጥብና አኝካለሁ። ሼህ እንድሪስ ይህን ሲያዩ ሳቁ።

«ለእናንተ ጾም ይበዛል፤ ቅጠል አይከብድህም» አሉኝ።

«ሼህ፣ የእኛ ጾም ሽሮ አለው» አልኳቸው።

በስምንተኛው ወር መንጋው ከዛፉ ጫፍ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወረደ። ቁጥራቸው አሥራ ሦስት ነው። መሪውን ወንድ «አለቃ» አልነው። ከሁሉ ቀድማ የምትወርደውን አሮጊት ደግሞ «ባልቴቷ» አልናት። ከዚያ ወዲህ «ቤቶች» ያልኩ እንደሆነ ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው፣ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ተደርድረው ይቀመጡልኝ ጀመር።

ጎብኚም መጣ። ወደ ላሊበላ የሚያልፈው መኪና ሁሉ መርሳ ምሳ ይበላል፤ ከምሳ በኋላ ወደ እኛ የሚወጣ አይጠፋም። ጉዞውን የምትመራው ሐዋ ነበረች። ሐዋ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ቀድሞ ከዚሁ ጫካ እንጨት እየቆረጠች መርሳ ትሸጥ ነበር። የትኛው ዛፍ የት እንዳለ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች፤ ግማሹን ቆርጣዋለች። እርሷም ጎብኚዎቹም ጫካው ጫፍ ላይ ሲደርሱ «ቤቶች» እንዲሉ አደረግሁ። ፈረንጆቹ ቃሉን አጣመው ሲሉት እንኳ መንጋው ይቅር ብሎ ይወርድ ነበር።

አንዲት ፈረንጅ እኔ ቅጠል ሳኝክ ብዙ ፎቶ አነሳችኝ። ምን አለች ብዬ ሐዋን ጠየቅኋት።

«ይኼኛው ጅራት የለውም ወይ ነው የምትለው፣ አባ ይመር።»

እስካሁን እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ የቀረው ጎብኚው ነው። ቀጥሎ መኪናው ቀረ። ቀጥሎ ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ሰዉም ዕቃውን ተሸክሞ አስፋልቱን ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ሼህ እንድሪስ ታመው ስለነበር ዘመዶቻቸው ሐራ ወሰዷቸው። ከበቡሽ ከልጃችን ጋር ደሴ ልትሄድ ተነሳች።

«ጉልበቴ አይችልም፤ እናንተ ሂዱ» አልኳት።

«ጫካ ሙሉ የሚዞር ጉልበት ደሴ መሄድ አቃተው?»

አርባ ዓመት አብራኝ ለኖረች ሴት ሌላ ውሸት ማዘጋጀት ነበረብኝ።

«እንግዲያውስ እነሱው ያብሉህ» ብላ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ኋላ ጣለችና ሄደች።

ስልክ ተቋረጠ። ሐዋ ከልጆቿ ጋር ከጫካው በታች መንደሯ ቀርታለች፤ ግን በየቀኑ መምጣት አትችልም። እኔ ጫካው ጫፍ ላይ ባለው የጥበቃ ጎጆ ውስጥ መኖር ጀመርኩ። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ኮቴን ለብሼ እወጣለሁ፣ «ቤቶች» እላለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ እመዘግባለሁ። መዝገቡ «ጎብኚ» የሚል ዓምድ አለው። «የለም» ብዬ እጽፍበታለሁ። ብዙ ቀን ከአፌ የሚወጣው ቃል ያ የማለዳው ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ወሬም አወራላቸው ጀመር፤ ወልድያ እንዲህ ሆነ ተብሏል፣ ከበቡሽ ደህና ትሆናለች፣ እናንተ ብሉ። በዚያው ሰሞን አንዷ ወለደች። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። እናትየዋን «አራሷ» አልኳት። መዝገቡ ላይ አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ለአለቃ ነገርኩት። እርሱ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ግድም ስድስት የታጠቁ ሰዎች ከታች መጡ። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፤ ያን ጊዜ የሚጠይቀው መሣሪያ ያለው ነው። ጎጆዬ ደጃፍ ላይ ቆሙና አንደኛው፣ እናቱ እንዳሳደገችው፣ «ቤቶች» አለ።

እኔ ከጎጆው ወጣሁ። ጉሬዛዎቹ ከላይ ወረዱ።

ተደርድረው ተቀመጡ፤ ባልቴቷ ከፊት፣ አራሷ ግልገሏን ታቅፋ ከኋላዋ።

«አይሸሹም እንዴ?» አለ ሰውዬው።

«ለምደው ነው፣ ልጄ።»

«ማን አስለመዳቸው?»

«እኔ» አልኩ። እንደ ሙያ ቆጥሬው ነው። ደረቴንም ሳልነፋ አልቀረሁም።

ተኮሰ። ባልቴቷ እግሬ ሥር ወደቀች። ሌሎቹ አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አሉ እንጂ አልሄዱም። የሚያዩት እኔን ነበር፤ እኔ ካልሸሸሁ ምን ሊሆን ነው ብለው ይሆናል።

«ሥጋው ይበላል?» አለኝ።

«አይበላም።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?» አለና ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ። ጓደኞቹም ተከተሉት። እንደራበው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ እርሱን እንኳ ለመጥላት ጊዜ አላገኘሁም። ባልቴቷን የአባቴን ምንጣፍ ከቀበርኩበት ይልቅ ጠለቅ አድርጌ ቆፍሬ ቀበርኳት።

ሐዋ በሁለተኛው ቀን ንፍሮ ይዛልኝ መጣች።

«አንቱ፣ ምን ሆነው ነው ፊትዎ እንዲህ የሆነ?»

ነገርኳት። ከዚያ ሁለት ቀን ስፈጨው የከረምኩትን ተናገርኩ።

«ሐዋ፣ ይህ አገር በሙሉ ‹ቤቶች› ይላል።»

«ታዲያ ምን ሊል ኖሯል?»

«ጉሬዛዎቹ ቃሉን የእኔ ነው ብለው ነው የያዙት። ያለው ሰው ሁሉ እኔ እመስላቸዋለሁ።»

ንፍሮውን አስቀመጠች። «ሌላ ድምፅ ያስለምዷቸዋ።»

«ይኼንን ለማስለመድ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ሰዎቹ ነገ ይመጣሉ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ቃሉን ሲሰሙ እንዲሸሹ ማስፈራት ነው። ያቺ ነጭ ግልገል ከሩቅ ትታያለች።»

«ወላሂ አይችሉም፣ አባ ይመር። አንቱ ዶሮ ‹እሽ› ብለው ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው።»

ቢሆንም ከማሽላ እርሻዋ ወፍ የምታባርርበትን ወንጭፍ አምጥታ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ የገዛ ጎጆዬን ቆርቆሮ መታ። ሁለተኛው ወደ ኋላ ሄዶ ሐዋን ሊያገኛት ጥቂት ቀረው።

«ጦርነቱ ይበቃናል፣ አባ ይመር» አለች።

ሥራውን እንደ ሥራ ያዝኩት። ማለዳ አንድ ሰዓት፣ ያው ኮት፣ ያው ድንጋይ። «ቤቶች» እላለሁ፤ ሲወርዱ ባዶ ጀሪካን በዱላ እየደበደብኩ እጮኻለሁ፤ ከዚያ እወነጭፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ግራ ገብቷቸው ወጡና መልሰው ወረዱ። ሳብድ ያዩኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ቅርንጫፍ አነጣጥሬ የአለቃን ዳሌ መታሁ። ቀጥ ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ዓይን ለዓይን አይታይም የሚለውን ደንብ ያን ቀን ሁለታችንም ጣስን።

ያስቸገረችኝ አራሷ ናት። ሌሎቹ ሲሸሹ እርሷ ግልገሏን ይዛ ወደ እኔ ትጠጋለች። በነዚያ ወራት ከሁሉ የሚሻለው ቦታ እኔ ያለሁበት እንደሆነ ተምራለች፤ አስተማሪው እኔ ነኝ። አምስት ቀን ድንጋዩን ይዤ ሳልወረውር ተመለስኩ። በስድስተኛው ቀን እግሯ ሥር ያለው ቅርንጫፍ ላይ አሳረፍኩት። በዕድሜዬ ያነጣጠርኩትን የመታሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ገደሉ ዘለለች። ጎጆዬ ገብቼ ኮቴን ራሴ ላይ ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

በዘጠነኛው ቀን «ቤቶች» ስል ጫካው ባዶ ሆነ።

ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች የታጠቁ ሰዎች መጡ። ደጃፉ ላይ «ቤቶች» አሉ። የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«እዚህ የማይሸሽ ጉሬዛ አለ ተብለን ነበር» አለ አንዱ።

«ነበረ» አልኩ።

ሽቅብ አዩ፤ ቅጠል ብቻ። «ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ያን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሰው ሲጠይቀኝ በቀልድ አልፈዋለሁ። በየማለዳው እየወጣሁ «ቤቶች» እላለሁ፤ እንዳይረሱት። ማንም ሳይወርድ ሲቀር የቀኑን ሥራዬን ሠራሁ ማለት ነው። ቆጠራውን በመነጽር ከሩቅ እሠራለሁ፤ አሥራ ሦስት። አንዳንድ ቀን ገደሉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነጯ ግልገል ከጥቁሩ መካከል ትታየኛለች። ወሬ ማውራቱን ተውኩት፤ የሚሰማኝ በሌለበት ማውራት ለእኔም አሳፈረኝ።

መንገዱ ሲከፈት ከበቡሽ ተመለሰች።

«ጉሬዛዎችህስ?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ደህና ናቸው። ሊያዩኝ አይፈልጉም።»

«እኔም ብዙ ጊዜ አልፈልግህም ነበር። ይለመዳል።»

ማኅበሩ ተሰባሰበ፤ ሐዋም ዋና አስጎብኚ ሆነች። መንጋውን እንደገና ለማስለመድ ከዓመት በላይ ፈጀባት። የመረጠችውን ምልክት እዚህ አልጽፈውም፤ ለእኔም አልነገረችኝም። ጉሬዛዎቹ ለእርሷ ወረዱ፤ እኔ ብቅ ስል ግን ገደሉ ድረስ ይሮጣሉ። ኮቴን ቀየርኩ፣ ጢሜን ተላጨሁ፣ አንድ ቀን የከበቡሽን ነጠላ ለብሼ ሞከርኩ። አካሄዴን ያውቁታል። ያን ቀን ከጉሬዛው ሌላ ጎብኚውም ሸሽቷል።

ሼህ እንድሪስ ከሕመማቸው ድነው ነበር፤ አስጠሩኝ።

«አንተ ይመር፣ በዚህ ጫካ ጉሬዛ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ንስርና አንተ። ንስሩን ማሰናበት አልችልም።»

«ገብቶኛል፣ ሼህ።»

«አታዝንም?»

«አዝናለሁ» አልኳቸው። ቀልድ የሚጠብቁ ይመስለኛል፤ አልመጣልኝም። መዝገቡን አስረከብኩ። መነጽሩን አንዱ ዓይኑ ተሰንጥቆ ስለነበር ለእኔ ተዉልኝ።

አሁን ጧት ጧት ከመንገዱ ዳር ሆኜ በደህናው ዓይን እቆጥራለሁ። ግልገሏ ጥቁርና ነጩን ለብሳ አድጋለች፤ ከሌሎቹ መለየት አቅቶኛል። ሰው ቤት ስደርስም መጣራት ትቻለሁ። ደጅ ላይ እቆማለሁ፣ የሚያየኝ እስኪወጣ። ከበቡሽ ሌባ ትመስላለህ ትለኛለች።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። አውሬ ስታስለምዱ በማንም መንገደኛ አፍ ውስጥ በሌለ ምልክት አስለምዱ። ቀኑ ከፍቶ ማስፈራት ካስፈለገ ደግሞ ማስፈራቱ የአስለማጁ ሥራ ነው። ወንጭፉን ለሌላ ሰው አትስጡ።